ንባብና ኲዝ ለጓደኞች፦ የሀዋሳ አንባቢያን ጠየቁ

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ከሀዋሳ የተላኩ ናቸው። ጉዳያቸውም ተቀራራቢ ነው፦ ከኢንተርኔት ያገኙትን ደስ የሚል ጽሑፍ ለወዳጅ ማካፈል፣ በዚያው ላይ ኲዝ አዘጋጅቶ አብሮ መጫወት። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

«አሥራ አራት ሆነን የከፈትነው የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ሃይስኩል አብረን የተማርን ነን። በየቀኑ አንዱ ሊንክ ይለጥፋል፣ ሌላው ልብ ይሰጠዋል፣ የሚያነብ ግን የለም። ኲዝ ብንጨምርበት ሰው ያነብልን ይሆን? አሠራሩስ እንዴት ነው?» — ከአቶቴ

ያነብልዎታል፤ ግን መልሱ ከጽሑፉ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ነው። ሊንኩን ሳይከፍቱ የሚመለስ ጥያቄ ንባቡን አይጎትትም። ጽሑፉን ለጥፎ ኲዙን ማስከተልም ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ሰው ኲዙን በግምት ነክቶ ያልፋል። እኛ የምንመክረው ተገላቢጦሹን ነው። ማታ አንድ ተራ ፖል (ጥያቄና የሚነኩ ምርጫዎች ያሉት የድምፅ መስጫ) ይለጥፉ፣ ትክክለኛ መልስ ያልተመለከተበት። ሁሉም ይገምት። ከሥሩ ሊንኩን ያስቀምጡና ጽሑፉ ለምን እንደሚነበብ በሁለት መስመር ይጻፉ። ኲዙ በማግስቱ ይምጣ።

ለምሳሌ ስለ ሀዋሳ ሐይቅ የተጻፈ ነገር ካገኛችሁ የማታው ፖል እንዲህ ይሁን፦ «የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል። ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ የትኛው ነው?» ምርጫዎቹ ቢላቴ፣ ጊዳቦ፣ አዋሽ፣ «የሚወጣ የለም»። ሐይቁ ዳር አድጎ ቢላቴ የሚል አይጠፋም። ቢላቴ የሚፈሰው ወደ አባያ ነው፤ ከሀዋሳ ሐይቅ ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። የተሳሳተው ሰው ለምን እንደተሳሳተ ለማየት ሲል ብቻ ሊንኩን ይከፍተዋል።

ኲዙን ለመሥራት ግሩፑ ውስጥ ገብተው ክሊፕ የምትመስለዋን ምልክት ይንኩ፣ ፖል የሚለውን ይምረጡ፣ ጥያቄውንና ምርጫዎቹን ይጻፉ፣ ኲዝ ሞድን ያብሩ፣ ከዚያ ትክክለኛው መልስ ላይ ምልክት ያድርጉ። ቴሌግራም ይህን ያመጣው በጥር 2012 ነው። ከታች የማብራሪያ ቦታ አለ፤ የሚይዘው 200 ፊደል ነው። ብዙ ሰው ይህን ባዶ ይተወዋል። ለእኛ ግን ከኲዙ ሁሉ የሚበልጠው ቦታ እሱ ነው፤ የተሳሳተ ሰው መልሱን እንደነካ የሚያነበው እዚያ የጻፉትን ስለሆነ የጽሑፉን ምርጥ ዓረፍተ ነገር ያስገቡበት። አንድ ምርጫ ከ100 ፊደል መብለጥ አይችልም፤ ጥያቄውንም ከ250 በታች ቢያደርጉት ይሻላል።

የሚበላሸው ምን ላይ መሰላችሁ? አንደኛ፣ መልእክት ከተላከ በኋላ ይታረማል፣ ፖል ግን አይታረምም። ትክክለኛውን መልስ በስህተት ሌላው ላይ ካመለከቱ ማጥፋትና እንደገና መሥራት እንጂ ሌላ መላ የለውም። ሁለተኛ፣ ኲዝ ላይ አንዴ የነኩት መልስ አይቀየርም፤ ይህን ለአዲስ ሰው አስቀድመው ይንገሩ። ሦስተኛ፣ ስም አለማሳየት የሚለው ሲመጣ በርቶ ነው የሚመጣው፤ ማን ምን እንደመለሰ ማየት ካማራችሁ አጥፉት። ስም የሚያሳይ ፖል ግን ወደ ቻናል አይላክም። አራተኛ፣ ፎርዋርድ የተደረገ ኲዝ ቆጠራው አንድ ነው። ለሌላ ግሩፕ ካሻገሩት የእነሱም መልስ እናንተው ላይ ይደመራል፤ ለየብቻ መወዳደር ከፈለጋችሁ እንደ አዲስ ሥሩት።

ከአምስት ጥያቄ በላይ ካላችሁ ደግሞ አንድ በአንድ መለጠፉን ትታችሁ የቴሌግራምን ኲዝቦት ተጠቀሙ። ቦቱን ከፍተው አዲስ ኲዝ ሲሉ ርዕስ ይጠይቅዎታል፣ ቀጥሎ አጭር መግለጫ፣ ቀጥሎ ጥያቄዎቹን በተራ። ከአንድ ጥያቄ በፊት ፎቶ ወይም አንቀጽ መላክ ይቻላል፤ ለንባብ ግሩፕ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መጨረሻ ላይ ለአንድ ጥያቄ የሚሰጠውን ጊዜና ቅደም ተከተሉ ይቀላቀል እንደሆነ ይመርጣሉ። ጊዜው ከ10 ሰከንድ ይጀምራል። አሥሯን አይምረጡ። አማርኛ ጥያቄ ሁለት መስመር ሲሆን ማንበቡ ብቻ ግማሹን ይወስዳል፣ ኔትወርኩ የደከመበት ሰው ዘንድ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ዘግይቶ ይደርሳል። 30 ሰከንድ ይበቃል፤ 20 ጥያቄ በ30 ሰከንድ ቢበዛ 10 ደቂቃ ነው። ግሩፕ ውስጥ ኲዙ የሚጀምረው ቢያንስ ሁለት ሰው ዝግጁ ነኝ ሲል ነው። ውጤቱ እኩል ሲሆን ፈጥኖ የመለሰው ይቀድማል።

አንድ ወጥመድ ይቀራል። ምርጫዎቹ እንዲቀላቀሉ ካደረጉ «ሀ እና ለ መልስ ናቸው» ወይም «ከላይ ያሉት ሁሉ» የሚል ምርጫ አያስገቡ። ቦቱ ቦታቸውን ሲቀያይር «ከላይ ያሉት ሁሉ» አናት ላይ ቁጭ ይላል።

«የሠፈራችን ልጆች ተረት እያነበቡ በጎግል ፎርም ጥያቄ እንዲመልሱ አደረግን። ‹ታሪኩ የተፈጸመው በየትኛው ከተማ ነው?› ለሚለው ግማሾቹ ትክክል ጽፈው ሳለ ፎርሙ ዜሮ ሰጣቸው። ፎርሙ ተበላሽቶ ነው?» — ከታቦር

ፎርሙ ጤነኛ ነው፤ ያልተስማማው ፊደላችን ነው። መልሱ የእናንተው ከተማ መሰለን። እስቲ በመንገድ ላይ ያሉትን ሰሌዳዎች ይመልከቱ፦ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ ሃዋሳ፣ የቆየው ላይ ደግሞ አዋሳ። ለእኛ ሁሉም አንድ ከተማ ነው። ኮምፒውተር ግን ሀ እና ሐን የሚያያቸው እንደ በ እና ተ ነው፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮድ አላቸው፣ ድምፃቸው መመሳሰሉን አያውቅም። አጭር መልስ የሚባለው የጥያቄ ዓይነት ደግሞ ልጁ የጻፈውን እርስዎ ካስገቡት ጋር ፊደል በፊደል ያስተያያል።

«ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ መነሻው በፀ ወይም በጸ ይጻፋል፣ መካከሉ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ። ሁለት በስድስት 12 አጻጻፍ ሆነ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ መልስ ብለው ካስገቡ ሌሎቹን አሥራ አንዱን የጻፈ ልጅ ወደቀ ማለት ነው። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አም እንዲሁ ናቸው። መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ያደረገ፣ ቁጥሩን በግእዝ አኃዝ የጻፈ፣ «በሀዋሳ» ብሎ በን ያስቀደመ ልጅም ይወድቃል።

ሦስት መላ አለ፤ እኛ የምናስቀድመው የመጀመሪያውን ነው። ጥያቄውን ወደ ምርጫ ይቀይሩት፤ ልጁ ስለማይጽፍ የፊደል ጣጣ የለም። ሁለተኛው፣ አጭር መልሱ የግድ ከሆነ የመልስ ቁልፉ ውስጥ ተቀባይነት ያላቸውን አጻጻፎች ሁሉ በየመስመሩ ያስገቡ፤ ፎርሙ ከአንድ በላይ መልስ ይቀበላል። ከሥሩ ሌሎች መልሶች ሁሉ ስህተት ይባሉ የሚል ሳጥን አለ፤ እሱን አይምረጡ። ሦስተኛው፣ በሴቲንግ ገጹ ላይ ኲዝ የሚለውን ሲያበሩ ውጤት ወዲያው ይታይ ወይስ በእጅ ከታረመ በኋላ የሚል ምርጫ ይመጣል። ሁለተኛውን ይያዙ። ለ30 ልጅ አንድ አጭር መልስ ማረም ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፤ ልጁም ዜሮ አይቶ አያለቅስም።

ሌላም አለ። አንድ ሰው አንዴ ብቻ እንዲመልስ የሚያደርገው ቁልፍ መላሹ በጂሜይል እንዲገባ ያስገድዳል። በእናቱ ስልክ የሚመልስ ልጅ እዚያው ይቆማል፣ በአንድ ስልክ የሚጠቀሙ ወንድምና እህት ደግሞ ሁለተኛው አይገባለትም። ለልጆች ያጥፉትና በምትኩ የመጀመሪያውን ጥያቄ «ስምህን ጻፍ፣ ስምሽን ጻፊ» ያድርጉት።

«የዓድዋ ጥያቄ ግሩፑን አጣላው፤ አንዱ 1888 ይላል፣ ሌላው 1896። ማታ 2 ሰዓት ይላክ ብዬ ያቆየሁት ኲዝም ሌሊት ሁሉ ሰው ተኝቶ ሳለ ተለጠፈ።» — ከሐይቅ ዳር

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ስህተቱ የጥያቄው ነው። ጦርነቱ የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ በፈረንጆች ማርች 1 ቀን 1896። ጥያቄ ውስጥ ዓመት ካለ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ከጥያቄው ጋር ይጻፉ፤ ሁለቱን አቆጣጠሮች በአንድ ምርጫ ዝርዝር ውስጥ ፈጽሞ አያቀላቅሉ።

ከፈረንጅ ጽሑፍ ዓመት ሲቀይሩም 7 ብቻ እየቀነሱ አይሂዱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ 8። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ሴፕቴምበር ነው ብሎ ሰባት የቀነሰ ሰው 1953 ይላል። ዕለቱ ግን ጳጉሜ 5 ነበር፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን፤ እንቁጣጣሽ በማግስቱ ሆነ። ስለዚህ ትክክለኛው 1952 ነው። (እንዲያውም ይህ ራሱ ምርጥ የኲዝ ጥያቄ ይወጣዋል።)

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ቴሌግራም የመላኪያውን ቁልፍ ተጭነው ሲይዙ የሚያመጣው ሰዓት የስልኩ ሰዓት ነው። ለጠዋትና ለቀን 6 ይደምሩ፣ ለማታ 18። ጠዋት 2 ሰዓት 8:00 ነው፣ ማታ 2 ሰዓት 20:00። የእርስዎ 2:00 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኖ ነው የተለጠፈው።

«አንድ ጓደኛችን 300 ገጽ ልቦለድ በስልኩ ፎቶ እያነሳ ፒዲኤፍ አደረገልን። ደግ ሠራ ያልነው ብዙ ነን፤ አንዳንዱ ግን ዳታዬን በላው ብሎ ተቆጣ። ማን ልክ ነው?» — ከመናኸሪያ አካባቢ

የተቆጣው ልክ ነው፤ የሚያስቆጣው ግን ዳታው ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጽሑፍ ሥራ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት የተጠበቀ ነው። በሕይወት ያለን ደራሲ ሙሉ መጽሐፍ ፎቶ አንስቶ ማሠራጨት የደግነት ቅርጽ ያለው ቅሚያ ነው። የግሩፑ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ሦስት ቅጂ ይግዛና በየሳምንቱ ይዙር፤ የኲዙ ቀን የመጨረሻው ሰው ከጨረሰ በኋላ ይሁን።

በነጻ ለማካፈል የተፈቀደ ነገር እኮ ሞልቷል። አፍሪካን ስቶሪቡክና ስቶሪዊቨር በሚባሉት ድረ ገጾች ላይ በሥዕል የታጀቡ አማርኛ የልጆች ታሪኮች አሉ፤ ምንጩን ጠቅሶ ማባዛትና ማካፈል የሚፈቅድ ፈቃድ ነው ያላቸው። የአማርኛው ዊኪፔዲያም እንዲሁ። የጋዜጣና የመጽሔት ጽሑፍ ከሆነ ሙሉውን ገልብጠው አይለጥፉ፤ ሊንኩን ልከው አንድ አንቀጽ ይጥቀሱ።

ወደ ዳታው ስንመለስ፣ አንድ የስልክ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢሆን 300 ገጽ 900 ሜጋባይት ነው። በፊደል የተጻፈ ገጽስ? አንድ የግእዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ 2,000 ፊደል ያለው ገጽ 6 ኪሎባይት ብቻ ነው። ያ ፎቶ 500 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። የራሳችሁን ጽሑፍ ወይም የተፈቀደ ነገር በምስል መላክ የግድ ከሆነ ደግሞ በስካን መተግበሪያ ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ ላኩት፣ በጣም ይቀላል። ለሁሉም አባል ደግሞ በቴሌግራም የዳታ ሴቲንግ ውስጥ በሞባይል ኔትወርክ ፋይል በራሱ እንዳይወርድ ማጥፋት ይጠቅማል።

«ከቆየ ፒዲኤፍ ላይ ያገኘሁትን ተረት ኮፒ አድርጌ ስለጥፍ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል።» — ከሞቢል

ፋይሉ የተጻፈው በድሮ ፎንት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየቋንቋው ፊደል የሚጋሩት የኮድ ዝርዝር) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እንደ ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ ባሉ ፎንቶች የተጻፈው ነገር ውስጡ የላቲን ኮድ ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ኮፒ ሲደረግ ልብሱን አውልቆ ይወጣል። ገጹን በስክሪንሾት ምስል ያድርጉት፣ ጎግል ድራይቭ ላይ ይጫኑት፣ በጎግል ዶክስ ይክፈቱት፤ ምስሉን አንብቦ ጽሑፍ ያደርግልዎታል። ከዚያ በዓይን ይታረም፤ በ እና ቡ፣ ከ እና ኩ ይደበላለቁበታል። ከግማሽ ገጽ በታች ከሆነ ግን ድካሙን ትተው እንደገና ይጻፉት።

«እናቴ ስማርት ስልክ የላቸውም። የሠፈሩ ሴቶች በኲዛችን ሲስቁ እሳቸው ብቻ ይቀራሉ። በቴክስት ልልክላቸው እችላለሁ?» — ከአላሙራ ሥር

ይችላሉ፤ ግን ያጥር። በላቲን ፊደል አንድ ቴክስት 160 ፊደል ይይዛል፣ በአማርኛ ግን 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይከፈልና ሂሳቡ እንደ ሁለት ይቆጠራል፤ ባዶ ቦታና ነጥብም ይቆጠራሉ። ጥያቄውን በአንድ ቴክስት፣ መልሱን በማግስቱ በሌላ ይላኩ። መጀመሪያ ግን «ደህና አደርሽ እማዬ» ብለው ይሞክሩ፤ አንዳንድ ቀፎ አማርኛውን አራት ማዕዘን ሳጥን አድርጎ ያሳያል። እንደዚያ ከሆነ ደውለው ይጠይቋቸው፤ ኲዙም ያኔ ነው የሚጣፍጠው።

«‹ይህን ኲዝ መልሰህ ለ20 ሰው ላክ፣ ሽልማት አለው› የሚል ሊንክ ከአክስቴ ልጅ መጣልኝ። ከፍቼ ስመልስ ስልክ ቁጥርና የመጣልኝን ኮድ ጠየቀኝ።» — ከፒያሳ

ኮዱን ከሰጡ አሁኑኑ ቴሌግራምዎን ከፍተው ዲቫይስ የሚለው ገጽ ይግቡ፤ የማያውቁት መሣሪያ ካለ ያስወጡት። ቀጥሎ በፕራይቬሲ ገጽ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩና የይለፍ ቃል ያስገቡ። ለአክስትዎ ልጅ በቴሌግራም ሳይሆን በስልክ ይደውሉለት፤ ሊንኩን የላከው እሱ ላይሆን ይችላል።

ያ ቁጥር የአካውንትዎ መግቢያ ኮድ ነው። ትክክለኛ ኲዝ የሚጠይቀው መልስ ብቻ ነው። ኲዝቦትም ጎግል ፎርምም የመግቢያ ኮድዎን አይጠይቁም፤ «ለ20 ሰው ላክ» የሚል ኲዝ ደግሞ መልስዎን አይፈልገውም፣ የሚፈልገው 20 ሰዎችዎን ነው።

«እንቆቅልሽን ወደ ግሩፕ ማምጣት ፈልገን ነበር። በኲዝ ሞድ ስንሠራው ግን ለዛው ጠፋ።» — ከአቶቴ፣ ሌላ ጠያቂ

ቢጠፋ አይገርምም። እንቆቅልሽ ምርጫ ሲሰጡት ይሞታል። «ስሄድ ትከተለኛለች፣ ስቆም ትቆማለች፣ መብራት ሲጠፋ ትከዳኛለች» ብለው ከሥሩ ጥላ፣ ድመት፣ ወንበር ብለው ቢደረድሩ ማን ያስባል?

ስለዚህ ፖሉን ይተዉት። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ብሎ ብቻ ይለጥፍ፣ አንድ ሰው «ምን አውቅልሽ» ብሎ ሪፕላይ ካላደረገ ጥያቄውን አይጻፍ። ይህች ትንሽ መጠበቅ ሰዉን ትሰበስባለች። ገማቾች መልሳቸውን ሲጽፉ ቃሉን መርጠው ከፎርማት ዝርዝሩ ስፖይለር የሚለውን ይንኩ፤ ቃሉ በነጠብጣብ ይሸፈናል፣ ማየት የፈለገ ይነካዋል። እንዲህ ከሆነ ቀድሞ ያወቀው የሌላውን ጨዋታ አያበላሽም። አንድ ችግር አለ፤ የተሸፈነውም ቢሆን የቃሉ ርዝመት ያስታውቃል። ከፊትና ከኋላው ጥቂት ቃል ጨምረው አብረው ይሸፍኑት።

ማንም ካላወቀ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይበል። ገማቹ አገር ይሰጣል፣ ጠያቂው በዚያ አገር ገብቶ የወደደውን በልቶና ጠጥቶ ተሸናፊውን በቃል ይሸነቁጣል፣ ከዚያ መልሱን ይነግራል። ይህኛውን ክፍል በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ መልእክት ያድርጉት፤ ስድቡ በጽሑፍ ሲሆን እውነት ይመስላል። ከግሩፑ ሕግ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ ሀዋሳን አሳልፎ መስጠት ክልክል ነው፤ አሞራ ገደል ያለውን የዓሣ ሾርባ ሁሉ ጠያቂው ብቻውን ጠጥቶት ይሄዳል።